ሚስቴ ሄድፎን የመረጠች ቀን

ስሙኝማ፤ ሚስቴ ዘምዘም የምትወደው ዘፈን ሄቪ ሜታል ነው። አዎ፣ ያ ጊታሩ የሚያጓራው፣ ዘፋኙ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮኸው። የውጭ ድምፅ የማያስገባ ሄድፎን ልግዛ ስትል፣ ከሚሴ ከተማ አስፋልቱ ዳር ወዳለ የሞባይል ሱቅ አብሬያት ሄድኩ። ሻጩ መልከ መልካም ጎረምሳ ነው። አንዱን ሄድፎን በእሷ ዘፈን ሲሞክረው አንገቱ ይወዛወዝ ጀመር። "ኧረ ወላሂ፣ እዚህ አገር ይሄን የሚሰማ ከእኔ ሌላ ያለ አልመሰለኝም ነበር!" አላት። ዘምዘም ከልቧ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

"እስቲ እኔም ልሞክረው" ብዬ ትልቁን ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ደፋሁት። የባጃጁ ጥሩምባ ጠፋ፣ የገበያው ጫጫታ ጠፋ፣ የእነሱም ድምፅ አብሮ ጠፋ። እሷ ወደ እኔ እየጠቆመች ታወራለች፣ እሱ ይስቃል፤ እኔን ድራም ብቻ ይደበድበኛል። በቅናት ነድጄ ሄድፎኑን ከጆሮዬ መነጨቅኩት።

"ምንድን ነው የምታወሩት?"

"ወደ ውጭ ድምፅ የማያወጣውን ስጠኝ እያልኩት ነው" አለችኝ ረጋ ብላ። "አንተ ጩኸት ነው ስለምትል፣ እንዳልረብሽህ።"

ገዝተን ወጣን። ባጃጅ ውስጥ ሄድፎኑን አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። ትከሻዋን ነካ ሳደርጋት ሄድፎኑን አወለቀችው።

"ቤት ስንደርስ ሳሎን ውስጥ ጮክ አድርገሽ ክፈቺው።"

"አትጠላውም እንዴ?"

"እጠላዋለሁ" አልኳት፤ "ግን ያ ልጅ ሰምቶልሽ እኔ ሳልሰማልሽ አልቀርም።"