ቢጫ የሆነው ተራራ

ልጄ ሐያት እዚህ አሜሪካ፣ ኮሌጅ ፓርክ ከተማ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተምራ ስትጨርስ ሥራ ያገኘችው የት መሰላችሁ? አይስላንድ! እሳተ ገሞራና ጎርፍ የሚከታተል መሥሪያ ቤት ውስጥ። እኔ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብዬ ልቤ እዚያ ነው። ስትሄድ ካርታቸውን ስልኬ ላይ ጫነችልኝ፤ ተራራው አረንጓዴ ከሆነ ሰላም ነው፣ ቢጫ ከሆነ መታወክ ጀምሯል፣ ቀይ ከሆነ ፈንድቷል። ጠዋት ከሶላት በኋላ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

አንድ ቀን ባስ እየጠበቅሁ ብከፍተው አንዱ ተራራ ቢጫ! ወዲያው ኮል አደረግኳት። «ሐያትዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ የትም እንዳትሄጂ! ተራራው ቢጫ ሆኗል!»

«ማሚ፣ አይ ኖው። ቢጫ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ለካ የተራራውን መንቀጥቀጥ ቀድማ ያየችው እሷ ናት። የተራራው በረዶ ቀልጦ ወንዙ ሊሞላ ይችላልና ተጠንቀቁ እያለች ከተራራው ሥር ላሉት ገበሬዎች ስትደውል ነው የደረስኩባት። ዝናብ እንዳይነካት ጃንጥላ ይዤ ትምህርት ቤት በር ላይ የቆምኩላት ልጅ! ባሱ መጥቶ ሄደ፤ እኔ እዚያው ቆሜ አለቅሳለሁ።

«ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?»

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ። በይ ለቀሩትም ደውዪላቸው» ብዬ ዘጋሁት።