የእሙዬ ቀኝ እጅ እና የቡናው ወፍጮ

ሰው በግራ እጁ ሲጨብጠኝ ዝም ብዬ የማልፍ ሰው አይደለሁም። ለሃያ ሰባት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ መምህር ነኝና፣ ልጆች ላይ የለመድኩት እርማት አዋቂም ፊት ያመልጠኛል። በየካቲት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ጋምቤላ ገበያ፣ ሽንኩርት ተራ ዳር ድንገት ያገኘኋቸው እሙዬ ግራ እጃቸውን ሲዘረጉልኝ፣ ምንም ሳልል ጨበጥኳቸው። ቀኙ ነጠላቸው ሥር ተሸሽጓል።

«ምነው እሙዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ብርድ መትቶኝ ነው፣ ወንዶሰን።»

በየካቲት፣ በጋምቤላ፣ ብርድ! እዚያ አጠገብ ላብ እያጠመቃቸው የነበሩት ዓሣ ሻጮች ቢሰሙ ኖሮ ይስቁብን ነበር።

እሙዬ በጡረታ ያሉ አዋላጅ ነርስ ናቸው። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ከኢታንግ እስከ አቦቦ በእግርና በጀልባ እየዞሩ ሲያዋልዱና ሲመክሩ ኖረዋል። እኔ ደግሞ ግቢያቸው ከግቢዬ የሚዋሰን ጎረቤታቸው ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሙቀጫቸው ዱም ዱም ሲል ያያዝኩትን ጥዬ ቡናቸውን ለመጠጣት የምነሣው እኔ ነኝ። የማን ትከሻ እንደሚወቅጥ ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ።

ይህን ስንባባል አጅዋንግ ከኢታንግ ከመጣ መኪና ወርዳ ቦርሳዋን አንግታ ወደ እኛ መጣች። አጅዋንግ የአኙዋ ልጅ ናት፤ በእሙዬ እጅ ተወልዳ፣ ተምራ፣ አሁን ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ባለ ክሊኒክ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያነት ትሠራለች። እሙዬን እንደ እናቷ «አንቺ» ነው የምትላቸው። እሳቸውም ከሌላ ሰው የማይቀበሉትን ከእሷ ይቀበላሉ።

«ቀኝሽ የት ሄደ?» አለቻቸው ገና ሳትስማቸው።

«ልጄ፣ መንገድ ላይ አትመርምሪኝ።»

«እሺ። ቤት እመረምርሻለሁ።»

ሦስታችንም ወደ እሙዬ ቤት ሄደን ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጥን። አጅዋንግ ክንዳቸውን በቀስታ ይዛ ወደ ላይ ስታነሣው፣ ትከሻቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። እሙዬ ጥርሳቸውን ነከሱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከገና ወዲህ።»

«በቀን ስንት ጊዜ ትወቅጫለሽ?»

«ሦስት ጊዜ። ሰው አለብኝ እኮ።»

«እሙዬ፣ እኔ አልዋሽሽም» አለች አጅዋንግ። «ጅማቱ ተቆጥቷል። ዘነዘናውን ካላስቀመጥሽ ትከሻሽ ይደርቃል። ከዚያ ፀጉርሽን ራስሽ አታበጥሪም፤ ልብስሽንም ሌላ ሰው ነው የሚያለብስሽ። ወፍጮ ያስፈልግሻል።»

«ወፍጮማ አለኝ» አሉ እሙዬ፣ በአገጫቸው ወደ ቤት እያመለከቱ። «ልጄ ኤልናታን ከአዲስ አበባ የላከልኝ የኤሌክትሪክ። ቡናዬን አቃጥሎ፣ በርበሬ በርበሬ የሚል ነገር አደረገብኝ። ወንዶሰን ምስክሬ ነው።»

«አስነጥሶኛል» አልኩ፤ እውነት ነውና።

አጅዋንግ ወፍጮውን ከመደርደሪያ አውርዳ ክዳኑን ከፈተችና አሸተተችው። ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እሙዬ! ሚጥሚጣ ፈጭተሽበታል!»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ዕቃ እኮ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም።»

እዚህ ላይ ሳቅን፤ ነገር ግን ይህ ስሕተት የእሙዬ ብቻ አይደለም። እኔ በማውቃቸው ቤቶች ሁሉ አንድ ወፍጮ ከገባ፣ ቡናውንም ቅመሙንም እንዲችል ይፈረድበታል። ከዚያ ቡናው ሲበላሽ ጥፋተኛው ማሽኑ ይሆናል።

«ቁልፉን እስኪደቅ ድረስ ተጭነሽ ያዝሽው፣ አይደል?» አለች አጅዋንግ።

«ታዲያ እንዴት ላድርገው?»

«ጫን፣ ለቀቅ፣ ነቅነቅ ነው የሚደረገው። ይኼ ስለት ነው፤ ቡናውን ይቆራርጠዋል። ዝም ብለሽ ከያዝሽው ይግላል፣ ቡናውም ይቃጠላል፤ ግማሹ አቧራ፣ ግማሹ ድፍን ሆኖ ይቀራል። ለቅመም ደግሞ ሌላ ወፍጮ ይኑርሽ። ይኼን አሁን ጥሬ የአቦቦ ሩዝ አንድ እፍኝ ፈጭተሽበት ብትደፊው ሽታውን ይወስድልሻል።»

«መብራቱስ? ከትናንት ጀምሮ የለም።»

«ለዚህ ነው ለአንቺ ቤት ሌላ የምመርጥልሽ» አለችና ከቦርሳዋ ከክንድ የማይወፍር፣ መዘውር ያለው የእጅ ወፍጮ አወጣች። «ክሊኒክ ውስጥ በዚህ ነው የምንጠቀመው። ውስጡ ጥርስ አለው፤ ቡናውን አይቆርጥም፣ እየጨፈለቀ እኩል ያደቀዋል። እዚህ ታች ስታጠብቂው ይልማል፣ ስታላይው ይሸረክታል። እኛ የመስታወት ማፍያ ነው ያለን፤ የፈላ ውኃ ጨምረን በወንፊቱ ወደ ታች ስለምንጫነው ሸርከት አደርግለታለሁ። ለጀበና ደግሞ ትንሽ ይላም፤ ዱቄት ግን አይሁን፤ ዱቄት ከሆነ አይሰክንም፣ አተላው ስኒ ውስጥ ይገባል።»

«ጀበናዬን አልተውም!»

«ማን ተዪ አለሽ? ጀበና ትከሻ አያሳምምም። የምትጠጪውን ያህል ብቻ ፍጪ፤ በዚህ ወበቅ ተፈጭቶ ያደረ ቡና ሽታው ይጠፋል። መዘውሩን ደግሞ ግራ እጅሽ ይበቃዋል፤ ወይም ሌላ ሰው ያዙርልሽ።»

እሙዬ ወፍጮውን ተቀብለው አንድ ሁለቴ አዞሩት። ጭር ጭር የሚል ትንሽ ድምፅ ሰጠ። አዳምጠውት መልሰው አስቀመጡት።

«አይሆንም» አሉ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?» ስል ጠየቅኩ።

«አይሰማማ! አንተ በምንድን ነው የምትመጣው ወንዶሰን? ሙቀጫዬን ሰምተህ አይደል? በየበሩ እየዞርኩ ልጥራችሁ? ‹ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት› እንዳይባል ነው እኮ ሰው ድምፁን የሚጠብቀው። ኑዌሯ ጎረቤታችን ኛሙዎች አማርኛ ገና አልያዘላትም፤ ሙቀጫዬን ግን ታውቃለች። ባሌ የለ፣ ልጄ ሩቅ። ሙቀጫዬ ዝም ካለ ቤቴ ዝም ይላል። ክንዴን ልጣ እንጂ ሰው አላጣም።»

ለካ ሴትዮዋ የሚወቅጡት ቡና ብቻ አልነበረም። ተማርን የምንል ሰዎች አንድን ልማድ ኋላ ቀር ከማለታችን በፊት፣ ልማዱ ለባለቤቱ ምን እንደሚያደርግለት ብንጠይቅ ግማሹ ክርክር በቀረ ነበር።

አጅዋንግ ግን ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«እሙዬ፣ እኔ ስወለድ አያቴ ምን እንዳለችሽ ታስታውሻለሽ?»

«አያትሽማ! ከበር አላስገባም ብላኝ ነበር።»

«እናቴ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። አያቴ አሮጌ ምላጭ ይዛ ‹ይኼ የልጆቼን ሁሉ እትብት ቆርጧል፤ ይኼን ከተውኩ ቤቴ ቤት አይሆንም› አለችሽ። አንቺስ ምን አልሻት?»

እሙዬ ቀስ ብለው መለሱ፤ «ምላጩን አትጣዪው፣ ለክብሩ አስቀምጪው፤ እትብቱን ግን በአዲስ እንቁረጠው አልኳት።»

«አያቴ ምላጩን እስክትሞት በጨርቅ ጠቅልላ አኖረችው። የእኔ እትብት በአዲሱ ተቆረጠ፤ ይኸው አለሁ። ቤቷም ቤት ሆኖ ቀረ።»

እሙዬ ተነሥተው ወደ ሙቀጫው ሄዱ። አጅዋንግ ልታስቆማቸው ብድግ ስትል በግራ እጃቸው ዘነዘናውን ዝቅ አድርገው ያዙና፣ ባዶውን ሙቀጫ ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። ዱም፣ ዱም፣ ዱም።

ብዙም አልቆየ፤ ኛሙዎች ልጇን አዝላ በአጥሩ ክፍት ብቅ አለች። ሙቀጫው ውስጥ አጎንብሳ አየችና ግራ ተጋባች።

«እማማ፣ ቡና የለም?»

«አለ፣ የኔ ልጅ። እንቺ፣ ዛሬ አንቺ ነሽ የምትፈጪው» ብለው የተቆላውን ሞልተው ወፍጮውን ሰጧት። ኛሙዎች እየሳቀች አዞረች፤ ሲደክማት ለእኔ አቀበለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ቡና ስጠጣ፣ በገዛ እጄ ስፈጭ የመጀመሪያዬ ነበር። እሙዬ ከመጀመሪያው ስኒ ፉት ብለው፣ «ትንሽ ይላም» አሉ። አጅዋንግም ታችኛውን ቀለበት አጠበቀችው።

አሁን ግንቦት ነው። አጅዋንግ ወፍጮዋን ትታላቸው ሄዳለች፤ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ቡና አይቀርም። ሳያርርና ሳይባክን፣ በልክ ይፈጫል፤ የኤልናታንም ስጦታ በሩዝ ከጸዳ ወዲህ ቅመም አይነካውም፣ መብራት ሲኖር ያግዛል። ተራ ይዘን ስለምንፈጭ ደግሞ፣ ለመጠጣት ብቻ እንመጣ የነበርን ሰዎች ለሥራውም መምጣት ጀምረናል። መካሪ የመከረውን ለራሱ ሲቀበል ማየት ለእኔ ትልቅ ትምህርት ሆኖኛል።

ዛሬ ጠዋት ሙቀጫው ሦስት ጊዜ ሲመታ ደብተሬን አጥፌ ተነሣሁ። እሙዬ በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ፀጉራቸውን ራሳቸው አበጥረዋል።

«ደህና አደርክ ወንዶሰን?» አሉና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ።