ከለቅሶው የቀደሙት ሰው

«ከጎን አሳጥረው፣ የላዩን ተወው። ብርዱን አየኸው ረዲ? በቆጂማ ገብሱን ውርጭ መታው አሉ። ከሳጉሬ ገበያ የመጡ ሴቶች ናቸው የነገሩኝ… እኔ እንግዲህ ወሬ የምሰማው ከገበያተኛ ነው። ሌላ ምንጭ ከየት አመጣለሁ?»

የእህል መጋዘን መዛኙ ግዛቸው ይህን ሲል ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሯል፤ ዓይኑ ግን ከመስታወቱ አልተነቀለም። ከኋላው አግዳሚ ላይ ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። መካከለኛው ካኪ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። የፊታችን እሑድ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ይመርጣል፤ እኚህን ሰው ሊጠቁም የተዘጋጀው ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ረዲ ራሱ ነው። ግዛቸው ለፀጉሩ አልመጣም። ፀጉሩንማ የተቆረጠው ባለፈው ሳምንት ነው።

«እሑድ ሰው ልትጠቁም ነው አሉ። ማን እንደሆነ አልጠይቅህም። ብቻ አንድ እንደማውቃቸው አባት ያለ ሰው ፈልግ። ስም አልጠራም፤ ትሑት ናቸው፣ ስማቸው ሲነሳ አይወዱም። በጃንሆይ ጊዜም ቢሆን፣ እንደሄዱበት አገር ስማቸውን ይለውጡ ነበር… ከትሕትና ብዛት።

«ደግሞ ጆሮአቸው! ሰው የሚያዳምጥ ዛሬ የት ይገኛል? በስድሳ አንድ ክረምት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ አሰላ መጣ እንበል። ግጥሙን የሚሰማለት አጣ። እሳቸው ብቻ ሻይ ጋብዘው ሰሙት። ‹ልጄ፣ ይህማ በቃል መቅረት የለበትም፤ በእጅህ ጽሑፍ ገልብጥልኝ› አሉት። ገለበጠላቸው፣ ፈረመላቸውም። እንዲህ ያለ የግጥም ወዳጅ! ልጁ በመስከረም ሲመለስ ግጥሙ ቀድሞት ከዩኒቨርሲቲው አለቆች ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ጠበቀው። ይኸው ያ ልጅ ዛሬ እህል መጋዘን በር ላይ ኩንታል ይመዝናል። ውለታቸውን ይረሳል?… ቁረጥ እንጂ ረዲ፣ መቀሱ ለምን ቆመ?»

መቀሱ እንደገና መንጫጨት ጀመረ።

«ከዚያ ጡረታ ወጡና ነጭ ሽንኩርት ተከሉ። ለጎረቤት ሁሉ አደሉ፤ እኔም በልቼለታለሁ፣ ግሩም ነው። ግን አብዮቱ እንዲህ ያለ ባለሙያ ጓሮ ጥሎ ይተዋል? ባለፈው ወር አንድ የመንግሥት ላንድሮቨር በራቸው ላይ ቆመ… ሽንኩርት ሊገዙ ይሆናል።

«የእታገኘሁንስ ሰምተህ የለ? ልጇ ከታሰረ ሁለት ወሩ ነበር። ማክሰኞ በቀትር ደጃፏ ተቀምጣ ስንዴ ስትለቅም፣ እኒያ አባት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ‹ወየው ልጄን! ወየው ሸጋውን!› እያሉ ከተፍ። ብቻቸውን! እድሩ አልሰማ፣ ጡሩምባ ነፊው አልሰማ፣ መርዶ የሚያረዱት ሽማግሎች አልሰሙ። እናትየውም አልሰማችም። ስንዴው ከነሰፌዱ ወደቀ። እኛ መርዶን በንጋት፣ ዘመድ ከቦ፣ በሽማግሌ አፍ እናረዳለን፤ እሷ ግን የልጇን ሞት ከአልቃሽ ሰማች። መሞቱን የሚያውቁት ያሰሩት ብቻ ነበሩ… ታዲያ እሳቸው ከማን ሰሙ? ሕልም አይተው ይሆናላ። ጻድቅ ሰው ሕልም ያያል።

«ክፉ አፍ ‹ማን ማን እንደሚያለቅስ ይዩ ተብለው ቢላኩ፣ ከለቅሶው ቀድመው ደረሱ› ይላል። ጡረታ እጅ ያዶለዱማል ይላሉ። እኔ አላምንም! የለመደ ልማድ፣ ያስለቅሳል ያለ መርዶ… ተረቱ እንዲህ ነው አይደል?»

በመስታወቱ ውስጥ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክራሉ። ግራና ቀኛቸው ያሉት ወለሉን ያያሉ። ላንድሮቨሩ ነገ በእሱም በር ላይ ሊቆም እንደሚችል ግዛቸው አላጣውም። ግን እኚህ ሰው የእድሩን ድንኳን ከያዙ፣ ከእሑድ ወዲያ በዚህ ሰፈር ለልጇ ድምፅ አውጥታ የምታለቅስ እናት አትኖርም።

«እና ከሳቸው የተሻለ ከየት ይመጣል? ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው የማያውቁት አገር ሄዶ ነው። ለኒህ አባት ግን የሚያውቃቸው አገር ቁርበቱን ታቅፎ ይጠብቃቸዋል። አንጣፊው ደግሞ አንተ… እጅህ ይባረክ።»

ረዲ ጨርቁን ፈትቶ አራገፈ። ግዛቸው ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አግዳሚው ዞረ። ከወገቡ ዝቅ ብሎ ወንበሩን ለሽማግሌው አሳየ።

«ተራው የእርስዎ ነው አባቴ። ከመሄዴ በፊት ግን እኒያን ደግ ሰው እንመርቃቸው።» ሁለት መዳፉን ዘረጋ። «ዕድሜ ይስጥልን። የእታገኘሁ ልጅ ብድር አይቅርባቸው። በሳቸው ቀን አልቃሽ አይጥፋ፤ አገሩ ሁሉ መርዶ ሳይጠብቅ፣ ገና ቆመው ሲሄዱ እያየ፣ ቀድሞ ያልቅስላቸው… ምነው አባቴ? ሰው ሲመረቅ ዝም ይባላል? አሜን ይበሉ እንጂ።»