ሲንክ ውስጥ የበሰለው ቡላ

ሶዶ አክስቴ ቤት ከመጣሁ ወዲህ ሰው ፊት ብዙም አላወራም። ያን ቅዳሜ ግን ዝምታዬ ጉድ ሊሠራኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ለጸሎት እኛ ቤት ይመጣሉ፤ የወጥ ቤቱ ሲንክ ደግሞ ውሃውን ቀስ ብሎ እንጂ አላወርድ አለ። አክስቴ ጎረቤታችንን መምህሩን ጠራቻቸው። ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ቅባት ነው፤ የፈላ ውሃ ያቀልጠዋል» አሉ። አንድ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ሲያፈሱበት ውሃው ጭራሽ ቆመ። «ሌላ አፍዪ» አሉኝ።

ጠዋት ለእንግዶቹ ገንፎ የሚሆን ቡላ፣ ያን ነጭ የእንሰት ዱቄት፣ በውሃ በጥብጬ፣ ከሳፋው ስር የቀረውን እዚያ የደፋሁት እኔ ነኝ። ቡላ የፈላ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን የማያውቅ የወላይታ ልጅ ደግሞ የለም። ብናገር ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ ዝም ብል ሲንኩ እንደተደፈነ እንግዶቹ ሊደርሱ ነው።

«መምህር፣ ገንፎ እየሆነ ነው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ምን አልሽ?»

«ቡላ ነው። እኔ ነኝ የደፋሁት።»

መምህሩ ከሲንኩ ስር ባልዲ አስቀመጡና የታጠፈውን ቱቦ ፈቱት። ነጭ ገንፎ እየተጎተተ ወረደ። ቁጣ ስጠብቅ፣ አክስቴ መጀመሪያ ባልዲውን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያም መምህሩን አየች።

«የደፋችውስ እሷ ናት፤ ያበሰሉት ግን እርስዎ ነዎት። ባልዲውን እርስዎ ይውሰዱልን» አለቻቸው።

ቱቦውን በቀዝቃዛ ውሃ ሳጥብ፣ መምህሩ ባልዲውን ይዘው ወደ ጓሮ እየሄዱ ከሁላችን በላይ ይስቁ ነበር።