ብረቱ ቀልጦ ሳለ

— ሄሎ? ... ሄሎ ሙዘይን፣ ትሰማኛለህ? ... ቆይ፣ ወደ በሩ ልጠጋ፤ ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል።

ዙሌይካ ከአባቷ አልጋ ሥር ተነስታ በሩ ላይ ቆመች። በውጫሌ በኩል ከባድ መሣሪያ ያጓራል፤ የሐይቅ ከተማ ሰው ገሚሱ ሸሽቶ ወጥቷል። ወንድሟ አዳማ ነው፣ መዳብ ከሌላ ብረት ጋር እያቀለጠ የፈሳሹን ውፍረት የሚለካ የቤተ ሙከራ ሰው።

— ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ... ልንወጣ ነው፤ የማናዬ መኪና ደጅ ቆሟል። ... አዎ፣ አባባን ጋቢና ነው የምናስቀምጣቸው።

የጎረቤታቸው የማናዬ መኪና ግን ጧት ሄዷል። አባቷ ወገባቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ ቀና አይሉም። ጥለሽኝ ሂጂ ቢሏት፣ ወይ ፍንክች።

— ምን? ... መጥተህ ምን ልትፈይድ? ... አይሆንም አልኩህ። ማሽኑንስ? ... እንዴት ነው የምታጠፋው፣ አሁን ቀልጧል አላልክም? ... አንተው ነህ የነገርከኝ። ማቅለጫው በቀጭን ሽቦ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው ቶሎ ከቆመ ብረቱ ወፍራም ነው፣ ከቆየ ቀጭን ነው። ማሽኑ በድንገት ከጠፋ ደግሞ ማቅለጫው ይሰነጠቃል። ... እና፣ ዓመት ሙሉ ደጅ የጠናህበትን ዕቃ ልትሰብረው ነው?

— እኔማ ተቀይሜህ ነበር። በሠርጌ፣ በኒካዬ ቀን ብረቴ ቀልጧል ብለህ የቀረህ ሰው! ... ዛሬ ግን ጨርስ የምልህ እኔው ነኝ። ቀስ እያልክ አብርደው። ... እኛ ነገ አንተ ጋ ነን፣ ኢንሻአላህ።

ስልኩን በነጠላዋ ሸፈነችው።

— አባባ፣ እባክዎ ትንሽ ዝም ይበሉ። እንዳይመጣ እየለመንኩት ነው።

— አለሁ፣ አለሁ። ... ነጎድጓድ ነው። ... አውቃለሁ ጥቅምት መሆኑን። ... ሙዘይን፣ ለምን አታምነኝም?

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

— ወላሂ በይ ነው የምትለኝ? ... ለዚህ ለዚህ መሐላ ምን አስፈለገ? ... ካልማልኩ አሁኑኑ ትነሳለህ?

ዙሌይካ በሐሰት ምላ አታውቅም። ገበያ እንኳ ዋጋ ስትከራከር ወላሂ ከአፏ አይወጣም። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ነው የያዛት። ከተነሳ ግን መንገዱ የሚያደርሰው ጦሩ መሀል ነው፤ አባቷም ያላቸው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው።

— ... ወላሂ። ወላሂ፣ መኪናው ደጅ ነው። ... አብሽር፣ አታስብ። በል፣ ብረትህን ጠብቅ። ... እሺ የኔ ወንድም። ... እሺ። ቻው።

ስልኩን ዘጋችና የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

— አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ። ... አይመጣም አባባ። ... አዎ፣ አመነኝ።