የጥድ አናጢው የባሕር ዛፍ ሳጥን

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ሥራችሁን ጥላችሁ ለቀብሩ የመጣችሁ ሁሉ፤ አክብራችሁናልና ክበሩልን። ፀሐዩ ከሯል፣ ብዙ አላቆማችሁም። እኔ የንግግር ሰው አይደለሁም። አናጢ ነኝ። ከዚህ ሰው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆሜ እንጨት ስልግ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ስሙን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? እኔም መታወቂያውን ካላየሁ አይመጣልኝም። አፍንጮ ነው ስሙ። አፍንጮ ያልነው አፍንጫው ትልቅ ስለሆነ አይደለም። ትልቅስ ትልቅ ነው፣ ይቅር ይበለኝ። እንጨት ሳያሸት ስለማይገዛ ነው። ሻጩ "ምርጥ ጥድ ነው" እያለ ሲምል እሱ ይንበረከካል። ጫፉን በጥፍሩ ይፍቃል። ያሸታል። ደግሞ ያሸታል። ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ "ይሄ ገና ውሃ አለው፣ ለከርሞ አምጣው" ይለዋል።

ጥድ ሲባል ነፍሱን አያውቅም። በጥድ ያልሠራው ምን ነገር አለ? የቤት ክዳን ሠርቶበታል። የአጥር ቋሚ ሠርቶበታል፤ ምስጥ ዞር ብሎ አያየውም። መዝጊያ ሠርቶበታል፣ መስኮት ሠርቶበታል። ቁርጥራጩን እርሳስ ያደርገዋል። ፍቅፋቂውን እንኳ በጨርቅ እየቋጠረ ለጎረቤት ያድላል፤ "ብል እንዳይበላባችሁ፣ ልብስ መሃል ክተቱት" ይላል። እስቲ እጅጌያችሁን አሽትቱ። አትፈሩ፣ አሽትቱ። ይኸው ጥቁር ልብሳችሁ ሁሉ ጥድ ጥድ ይላል። ማን ከሠራው ሳጥን ነው ያወጣችሁት?

የዳቦ ቤቱን ነገር የምታስታውሱ አላችሁ? አንቺማ ከኋላ ሆነሽ ትስቂያለሽ፣ አይቼሻለሁ። ዳቦ ጋጋሪዋ ባለ መዝጊያ የዳቦ መደርደሪያ አዘዘችው። እሱ ደግሞ ላክብራት ብሎ ከላይ እስከ ታች በጥድ ሠራላት። ያን ሳምንት ይህ ሰፈር ዳቦ በላ ወይስ ቁም ሳጥን በላ? በአምስተኛው ቀን ሴትየዋ ዳቦ ይዛ መጣች። "ቅመስ" አለችው። ቀመሰ። "ግሩም ዳቦ ነው" አላት። የምሩን ነው። ጥድ ውስጥ ኖሮ ኖሮ ሽታው ለእሱ ከአየር አይለይም። እኔ መጋዜን ጥዬ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። እሱ አፈረ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ከሌላ እንጨት ሌላ መደርደሪያ ሠርቶ ራሱ ተሸክሞ ወሰደላት።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

ከጠዋት ጀምሮ ስትንሾካሾኩ እሰማለሁ። "የጥድ አናጢ በባሕር ዛፍ ሳጥን ይቀበራል?" ትላላችሁ። "ሚስቱ ነፈገችው" ትላላችሁ። ይህን ወሬ ማን ጀመረው? እኔ ነኝ።

ትናንት ጠዋት ማረፉን እንደሰማሁ መጋዜን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ከጓዳው ሦስት የጥድ ሳንቃዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ስድስት ዓመት ያደረቃቸው ናቸው። ሳጥኑን በእነሱ ልሠራለት አንዱን አንስቼ መለካት ጀመርኩ። ባለቤቱ መጥታ ሳንቃውን ያዘች። "ይሄ አይነካም" አለችኝ። ምክንያቱን ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት አላስጨረስኳትም። ግቢ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ "ዕድሜውን ለፍቶልሽ ሳንቃ ትነፍጊዋለሽ?" አልኳት። እያለቀሰች ሳንቃውን ወደ ቦታው መለሰች። እኔም ተናድጄ ወጣሁና ይህን የባሕር ዛፍ ሳጥን ሠራሁ።

ዛሬ ሳጥኑን ይዤ ስመጣ ሴት ልጁ ጠራችኝ። ያቻት ወንበር ላይ፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። "ጋሼ፣ እስቲ ሳንቃውን ይገልብጡት" አለችኝ። ገለበጥኩት። ጀርባው በሙሉ በእርሳስ ተሰምሯል። የእሱ እጅ ነው። "ጎን ሁለት፣ እግር አራት፣ ርብራብ ዘጠኝ" ይላል። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ብሏል፤ "የልጅ ልጄ አልጋ። ለእኔ ሳጥን ብሎ ማንም እንዳይነካው። በተለይ ያ ችኩል።"

ሳቁ፣ ሳቁ። አናጢ መጋዝ ከማንሳቱ በፊት ምን ያደርጋል? ሳንቃውን ይገለብጣል፣ ጀርባውን ያያል። በመጀመሪያው ቀን የምንማረው ነው። እኔ ግን ሳንቃውን ሳልገለብጥ ለካሁ፤ እሷንም ሳላስጨርስ ፈረድኩባት።

እህቴ፣ ትናንት የተናገርኩሽ ሰው ፊት ነው፣ ዛሬም ሰው ፊት እናገራለሁ። በድዬሻለሁ። አልነፈግሽውም፤ ቃሉን ነው የጠበቅሽለት። ይቅር በይኝ። ከእንግዲህ ነፈገችው የሚል ካለ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ። ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። አልጋውን ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ ልሥራው። ካልፈቀድሽልኝም ግድ የለም፣ ሌላ አናጢ አይጠፋም።

እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። አያችሁ? ምስክር ሁኑኝ።

አፍንጮ፣ ወንድሜ፣ ይህ ሳጥን በደንብ አልተላገም። በንዴት የተሠራ ነው፣ ይቅር በለኝ። አልጋው ግን እንዲህ አይሆንም። በመስመርህ ላይ ነው የምቆርጠው፣ ወዲህም ወዲያም አልልም። የጻፍክበትን ገጽ አልልገውም። የሚወለደው ልጅ ፊደል ሲቆጥር አልጋው ሥር ገብቶ ያንብበው። "ችኩሉ ማን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ "እኔ ነኝ፣ የአያትህ ጓደኛ" እለዋለሁ። በሰላም እረፍ፣ ወዳጄ። ደህና ሁን።