የጨሰው ክምር

መካነ ኢየሱስ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ስሠራ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የገበያውን ጥራጊ፣ የጎመኑን ቅጠልና የድንቹን ልጣጭ፣ ጉድጓድ ውስጥ መጣሉ ቀርቶ ከከተማው ቤተ ክርስቲያን በታች እየከመርን ኮምፖስት፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ እናድርገው ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። ጉድጓድ ውስጥ ታፍኖ ሲበሰብስ አየሩን የሚያሞቅ ጋዝ እንደሚወጣው ሥልጠና ላይ የሰማሁትን ለደብሩ አለቃ ስነግራቸው፣ "የሰማዩን ነገር ለባለቤቱ ተወው። የድሮው መጣያ እየነደደ በጭስ ሲፈጀን ኖሯል፤ ይሄም ከጨሰ ታነሣዋለህ" አሉኝ። "ቅንጣት ጭስ አይወጣውም አባ" ብዬ ቃል ገባሁ።

አንድ ብርዳም ጠዋት ብመጣ ከክምሩ አናት ላይ ነጭ ጭስ ይትጎለጎላል። ውሃ በጀሪካን ይዤ ስሮጥ አለቃው ከኪዳን ጸሎት ወጥተው ክምሩ አጠገብ ቆመዋል። አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና እጃቸውን እስከ ክርናቸው ክምሩ ውስጥ ከተቱት።

"አባ፣ ይቃጠላሉ" አልኩ።

እጃቸውን አውጥተው አሸተቱት። "አንተ የገበሬ ልጅ አይደለህም?"

"ነኝ።"

"ታዲያ ፍግ በብርድ ሲተነፍስ አይተህ አታውቅም? እንፋሎት ነው፤ ውሃህን አስቀምጥ።"

ጀሪካኑን አስቀምጬ ላዩ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሳቄ መጣ። በአባቴ በረት በር ላይ ስንት ጠዋት አይቼው ነበር፤ ሥልጠናው ነው ያስረሳኝ። ከዚያ ወዲህ ብርድ በጠና ቁጥር አለቃው ከኪዳን ሲወጡ ወደ ክምሩ ጎራ ይላሉ። እጃቸውን እያሞቁ፣ "ቅንጣት ጭስ አይወጣውም ብለህ ነበር" ይሉኛል።